የአቡነ ያዕቆብ የዕለት ማስታወሻ
የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ሕይወትና የእጅ ጽሑፋቸው አደራ

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ በሐምሌ ወር የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን፣ በአገራችን አጠራር የአቡነ ያዕቆብን፣ በዓል ታከብራለች። ስለ ትሕትናቸው፣ ስለ ድካማቸውና ስለ እስራታቸው በስብከት ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ይህን ሁሉ ልናውቅ የቻልነው ግን በምን መንገድ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አቡነ ያዕቆብ መሽቶ ሰው ሁሉ ሲያርፍ በኩራዝ ብርሃን የሚጽፉ ሰው ነበሩ። እርሳቸው የጻፉትን ደግሞ ሌሎች ጠበቁት፣ ገለበጡት፣ አሳተሙት። በዚህ እትም የቅዱሱን ሕይወት ከዚሁ ከጽሑፋቸው ታሪክ ጋር አያይዘን እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በደቡብ ጣልያን፣ በያኔው የናፖሊ መንግሥት፣ ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ መንደር ጥቅምት 9 ቀን 1800 ተወለዱ። ብዙ ልጆች ካፈራ ቤተሰብ የተገኙ ሲሆኑ፣ የጸሎትን ፍቅር ያስተማረቻቸው እናታቸው ነበረች። ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ናፖሊ ከተማ ተዛወረ። በ1818፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ወደ መሠረተው የሚስዮን ማኅበር፣ በአገራችን የላዛሪስቶች ማኅበር ወደሚባለው፣ ገቡ። ሰኔ 12 ቀን 1824 በብሪንዲዚ ካቴድራል ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል በደቡብ ጣልያን ገጠሮች እየተዘዋወሩ ለድኾች ሰበኩ፤ ኑዛዜ ሰሙ። በ1836 እና በ1837 የኮሌራ ወረርሽኝ ናፖሊን ባስጨነቀ ጊዜ ለሕይወታቸው ሳይሳሱ በሽተኞችን አገለገሉ።

በዚያው ዘመን ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ወጣት የማኅበሩ ካህን በ1838 ዓድዋ ደርሶ ነበር። ሥራው ግን ለአንድ ሰው የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ በ1839 ቅድስት መንበር ደ ያቆቢስን የኢትዮጵያ ሚስዮን ኃላፊ አድርጋ ሾመቻቸው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ምጽዋ ወደብ ደረሱ፤ በወሩ ማብቂያም ዓድዋ ገቡ። በዚያን ጊዜ የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ።

የአዲሱ ካህን አኗኗር ከብዙ እንግዶች የተለየ ነበር። የአገሩን መነኮሳት ልብስ ለበሱ፤ የአገሩን ምግብ ተመገቡ፤ መሬት ላይ ተኙ፤ በእግራቸው ተጓዙ። አማርኛን፣ ትግርኛንና ግዕዝን ለመማር ከሕፃናትና ከደብተራዎች እግር ሥር ተቀመጡ። የውጭ አገር ሰው በጥርጣሬ በሚታይበት ዘመን ወራት በዝምታና በጸሎት አሳለፉ፤ ሰዎች ራሳቸው መጥተው እስኪጠይቋቸው ድረስ ጠበቁ። በጥር ወር ማብቂያ 1840 በዓድዋ ቤታቸው ለተሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ሲናገሩ የነገሩን ሁሉ መነሻ ፍቅር አደረጉ። ወርቅም ሹመትም ሽተው እንዳልመጡ፣ የቀረው ዕድሜያቸው የእነዚህ ሰዎች እንደ ሆነ አስረዱ።

የዕለት ማስታወሻቸው የሚጀምረው ከዚሁ ዘመን ነው። በጣልያንኛ በእጃቸው የጻፉት ይህ ማስታወሻ ብዙ ደብተሮችን የያዘ ሲሆን፣ የጉዞ ድካምን፣ የሕመምተኞችን ሁኔታ፣ ከመነኮሳትና ከሊቃውንት ጋር የተደረጉ ውይይቶችን፣ የአገሩን ልማድ፣ ወደ እርሳቸው የመጡትን ሰዎች ስምና ነገር ይመዘግባል። ለሕትመት ብለው አልጻፉትም። በእግዚአብሔር ፊት የዕለቱን ሥራ እንደሚቈጥር ሰው ነበር የሚጽፉት። ስለዚህ የደስታቸው ቀን ብቻ ሳይሆን የፍርሃታቸው፣ የድካማቸውና የስሕተታቸው ቀን ጭምር በዚያ ይገኛል።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ አቡን የሚያመጣ መልእክተኛ ጓድ ሲልኩ አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። ነገሩ ለአንድ ካቶሊካዊ ካህን ከባድ ነበር። ሆኖም ጓዱ ወደ ሮም ጭምር እንዲሄድ ተስማምተው ተጓዙ። በግብፅ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው። አቡነ ሰላማ የተባሉት ወጣት መነኩሴ በዚያ ጊዜ ለኢትዮጵያ አቡን ሆነው ተቀቡ። ከጓዱ የተወሰኑት ከደ ያቆቢስ ጋር ወደ ሮም ዘልቀው በነሐሴ ወር በር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳልመው ተመለሱ።

በዚህ ጉዞ ላይ ገብረ ሚካኤል የተባሉ የጎጃም መነኩሴ ነበሩ። በ1791 አካባቢ የተወለዱት ገብረ ሚካኤል በመርጡለ ማርያም ገዳም ያደጉ፣ አንድ ዓይናቸው የታወረ፣ እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የዞሩ ሊቅ ነበሩ። ሲነሡ ለደ ያቆቢስ ተቃዋሚ ነበሩ፤ በመንገድ ላይ ግን የዚህን ሰው ትዕግሥት ቀን ከቀን ተመለከቱ። በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ጀምሮ እንደ ወንድማማች ሠሩ። በገብረ ሚካኤል ሊቅነት እየተረዱ ደ ያቆቢስ ትምህርተ ክርስቶስን በአገሩ ቋንቋ አዘጋጁ፤ በ1840ዎቹ አጋማሽ በአዲግራት አቅራቢያ በጓላ ለአገሩ ልጆች የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ካህናቱ በግዕዝ ሥርዓት እንዲቀድሱ መፈለጋቸው በዚያ ዘመን ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ክርስቶስን ለመቀበል ኢትዮጵያዊነትን መተው እንደማያስፈልግ ግን ጽኑ እምነታቸው ነበር።

በ1846 የኦሮሞ ሕዝብ ሚስዮን ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው የተሾሙት ካፑቺናዊው ጳጳስ ጉሊየልሞ ማሳያ ጓላ ደርሰው ለመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርት ማዕርገ ክህነት ሰጡ። ይህ ሲታወቅ ስደት ተነሣ። ደ ያቆቢስ ጓላን ትተው ወደ ኢሮብ ምድር፣ ወደ አሊቴና፣ ተሻገሩ። በ1847 ሮም ጳጳስና የሐበሻ ሐዋርያዊ እንደራሴ አድርጋ ሾመቻቸው፤ እርሳቸው ግን አይገባኝም ብለው ለረጅም ጊዜ እምቢ አሉ። በመጨረሻ በጥር ወር 1849 በምጽዋ፣ በሌሊት፣ በሥውር፣ በጥቂት ሰዎች ፊት ጳጳስ ማሳያ ቀቧቸው። የወርቅ ዘንግ የለ፤ ታላቅ ጉባኤም የለ። ሁለቱም ተሳዳጆች ነበሩ።

በጥር 1 ቀን 1851 አቡነ ያዕቆብ ያን አረጋዊ ሊቅ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ቀቡ። በ1853 ሃያ ያህል ኢትዮጵያውያን ካህናትን እንደ ቀቡና የምእመናኑም ቍጥር 5,000 ያህል እንደ ደረሰ ይነገራል። በ1854 ግን በጎንደር ከባድ መከራ መጣ። የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ያኔ ደጃዝማች ካሣ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው አገሩን በአንድ ሃይማኖት ሥር ለማድረግ ወሰኑ። በሐምሌ ወር አቡነ ያዕቆብ፣ አባ ገብረ ሚካኤልና ጓደኞቻቸው ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከወራት እስራት በኋላ ወደ ሱዳን ጠረፍ ተባረሩ፤ በአስቸጋሪ መንገድ ዞረው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሱ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን እምነታቸውን ባለመካዳቸው በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር ሲንገላቱ በ1855 በመንገድ ላይ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ሰማዕት ብላ ሰየመቻቸው።

ስለዚህ ዘመን ስንጽፍ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ያ ጊዜ ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው የተጎዳዱበት፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተቀላቀሉበት ጊዜ ነበር። የዛሬው ምእመን ይህን ታሪክ የሚያነበው ቂም ለማደስ አይደለም። ዛሬ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር በሰላምና በመከባበር እንኖራለን፤ እንኖርም ዘንድ ከ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ግልጽ ትእዛዝ አላት። ነገር ግን የታሰረውን ሰው ታሪክ ማጥፋት ሰላም አያመጣም። እውነቱን በፍቅር መናገር ነው የሚጠቅመው።

አቡነ ያዕቆብ የቀሩትን ዓመታት በሐላይ፣ በሔቦና በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ አሳለፉ። በ1860 እንደ ገና ታስረው ተንገላቱ። በሐምሌ ወር በእምኩሉ ብርቱ ትኩሳት ያዛቸው፤ ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ሊወጡ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ጉዞ ጀመሩ። ሐምሌ 31 ቀን 1860 በዓሊጋዴ ሸለቆ መራመድ አቃታቸው። ከግመልና ከበቅሎ መንገድ ዳር፣ ራሳቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ ደቀ መዛሙርታቸውን ባርከውና ይቅርታ ጠይቀው በመሬት ላይ ዐረፉ። ስልሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሥጋቸው ወደ ሔቦ ተወስዶ በዚያ ተቀበረ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1939 ብፁዕ፣ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ጥቅምት 26 ቀን 1975 ቅዱስ ብለው ዐወጇቸው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የቅዱሱ ድምፅ ከዓሊጋዴ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ እኛ እንዴት ደረሰ?

አንደኛው መንገድ ደቀ መዛሙርታቸው ነበሩ። የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት፣ በአቡነ ያዕቆብ እጅ ያደጉ ካህን፣ በዓይናቸው ያዩትንና በጆሯቸው የሰሙትን በአገራቸው ቋንቋ ጻፉ። ይህ ምስክርነት ተተርጕሞ በ1915 በአሥመራ በጣልያንኛ ታተመ። ኢትዮጵያዊው ደቀ መዝሙር ብዕር ባያነሣ ኖሮ የቅዱሱን ገጽታ የምናየው በባዕድ ዓይን ብቻ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ራሳቸው የጻፉት ማስታወሻና ደብዳቤ ነው። ደብተሮቹ በሮም በሚገኘው የማኅበራቸው ቤተ መዛግብት ተጠበቁ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የአንድ ሰው ቅድስና ጉዳይ ሲታይ ጽሑፎቹ ሁሉ ተሰብስበው መመርመር አለባቸው፤ ስለዚህ የደከመ ዓይን የያዙ ገልባጮች እነዚያን ገጾች መስመር በመስመር አነበቡ። ሙሉው ማስታወሻ ለሕዝብ በሚመች መልክ ተዘጋጅቶ በሮም የታተመው ግን በ2000 ነው። ቅዱሱ ካረፉ 140 ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ ረጅም ጊዜ ደብተሮቹ እሳት፣ ውሃና ብል ሳያገኛቸው መቆየታቸው የእግዚአብሔር ቸርነትና የጠባቂዎች ታማኝነት ነው።

የጳጳስ ማሳያ ጽሑፍ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ለ35 ዓመት በአገራችን የደከሙት እኚህ አባት ወደ ሮም ከተመለሱ በኋላ በር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ፈቃድ ትዝታቸውን በእጃቸው ጻፉ። መጽሐፉ ለሕትመት ተስተካክሎ ከ1885 እስከ 1895 በ12 ቅጾች ወጣ። የእጅ ጽሑፉን ራሱን ለአንባቢ ያቀረበው እትም ግን በ1984 ብቻ፣ በአባ አንቶኒኖ ሮሶ አዘጋጅነት፣ ታየ። ለአንባቢ እንዲያምር የተስተካከለው አንድ ነገር ነው፤ ጸሐፊው በእጁ ያሰፈረው ሌላ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ሁለተኛው ባይጠበቅ ኖሮ የመጀመሪያውን በምን እንመዝነው ነበር?

ዛሬ በብዙ አገሮች ይህን የመገልበጥ ሥራ በጎ ፈቃደኞች ይሠሩታል። በለንደን የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ከ2010 ጀምሮ የፈላስፋው የጄረሚ ቤንታም የእጅ ጽሑፎች በፈቃደኛ ሰዎች ይገለበጣሉ። ጡረተኞች፣ ተማሪዎችና የቤት እመቤቶች ያለ ደመወዝ በየቤታቸው ተቀምጠው አንዲት ገጽ ያነባሉ፤ በኮምፒዩተር ይጽፋሉ፤ ሌላው ያርማል። በአገራችንም ከ1973 ጀምሮ በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የቤኔዲክታውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዛሬ በቦታቸው ባይገኙ እንኳ ምስላቸው ተርፏል።

ይህ ለእኛ ለሐዋሳ ቪካሪያት ምእመናን ምን ይነግረናል? በከተማችን ባህል አዳራሽ የሕዝባችን ቅርስ ይከበራል። የሲዳማ ፊቼ ጫምባላላ በ2015 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችን ተደስተናል። ያ በዓል ሳይጻፍ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የተላለፈ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ትዝታ ግን ግማሹ በቃል፣ ግማሹ በወረቀት ነው፤ የወረቀቱም ክፍል በጣም ስስ ነው። የኮምቦኒ ሚስዮናውያን በ1960ዎቹ ወደ ሲዳማ ምድር ሲመጡ ወንጌልን ከመንደር መንደር ያደረሱት የመጀመሪያዎቹ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ናቸው። ሐዋሳ በ1969 ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ፣ በ1979 ሐዋርያዊ ቪካሪያት ስትሆን መሠረቱን የጣሉት እነዚህ በእግራቸው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ ደብተር የያዘ አለ፤ የተጠመቁትን ስም፣ የተሠራውን ጸሎት ቤት፣ የራቡን ዓመት፣ የታመመውን ሽማግሌ የመዘገበ አለ። ደብተሮቹ በሣጥን ሥር፣ በቆርቆሮ ቤት ጣራ ሥር፣ በጭስና በእርጥበት መካከል ናቸው።

ተጨማሪ ችግርም አለ። ሲዳምኛ ቀድሞ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በዚህ የተማረው ወጣት የአያቱን ደብተር ቢያገኝ ቋንቋውን እያወቀ ፊደሉ ሊያስቸግረው ይችላል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚረዝመው ድምፅ ስለማይለይ፣ ቃሉን በትክክል የሚያነብ ቋንቋውን የሚናገር ሽማግሌ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሽማግሌውና ወጣቱ አብረው መቀመጥ አለባቸው፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ። ሽማግሌው ካለፈ በኋላ ግን ደብተሩ ቢተርፍ እንኳ ግማሹ ይዘጋል።

በየቁምስናው ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ጥቂት ምክር እንስጥ። የተጻፈውን እንዳለ ገልብጡ፤ ሆሄው ቢሳሳት እንኳ አታርሙ፤ አስተያየታችሁን ለብቻው ጻፉ። ያልተነበበውን ቃል በግምት አትሙሉ፤ ባዶ ቦታ ትታችሁ ምልክት አድርጉ። ሚስዮናውያን በአውሮፓ፣ የአገሩ ሰዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፉ ስለ ነበር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳያሳስታችሁ ቀኑን አጣሩ። የተገለበጠውን ሁለተኛ ሰው ከዋናው ጋር ያስተያየው። ዋናውን ደብተር አትጣሉ፤ ለባለቤቱ ወይም ለቁምስናው በክብር መልሱ። የሰው ምስጢር፣ የቤተሰብ ጠብ ወይም በሕይወት ያለን ሰው የሚያሳፍር ነገር ከተገኘ ከቆሞሱ ጋር ሳትመክሩ ለማንም አታሳዩ። እውነትን መጠበቅና ሰውን ማክበር አብረው ይሄዳሉ።

አቡነ ያዕቆብ በዓሊጋዴ መንገድ ዳር ሲያርፉ የነበራቸው ሀብት እጅግ ጥቂት ነበር። ሕንፃ አላስቀሩም፤ የጓላው ትምህርት ቤታቸው እንኳ ተዘግቶባቸዋል። የተዉልን ደቀ መዛሙርትንና የተጻፉ ገጾችን ነው። ደቀ መዛሙርቱ ቃሉን ተሸከሙ፤ ገጾቹም ዘመኑን አሳለፉት። የእኛም የመጀመሪያ አስተማሪዎች ከዚህ የተለየ ነገር አላስቀሩም። በቁምስናችሁ ያረጀ ደብተር ያለው አረጋዊ ካለ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዳችሁ ሰላም በሉት፤ ስለ ደብተሩም ጠይቁት። ቅዱስ ዮስጢኖስ ስለ እኛ ይለምንልን።